የሽሮሜዳ ነጠላ በሊቶሪና

የምድር ባቡራችን ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሱት ነገሥታት፣ የፈረንሳይ ኩባንያና የጅቡቲ ወደብ ናቸው። መወሳታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፉርጎውን ሞልተው የኖሩት በሦስተኛ ማዕረግ የሚሳፈሩ ነጋዴ ሴቶች ናቸው፤ እነሱን የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። እኔ ጉለሌ የተወለድኩ የሽሮሜዳ ሸማኔ ልጅ ነኝ። ሐዲድ ወደ ጉለሌ ወጥቶ አያውቅም፤ የሰፈራችን ነጠላ ግን ድሬዳዋ የሚደርሰው በባቡር ነበር።

አባቴ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሠራውን ይዛ የምትወርደው ታላቅ እህቱ ነበረች። ሁላችንም እታለም ነበር የምንላት። ነጠላዎቹን በአቡጀዲ ጠቅልላ፣ በገመድ ጠፍራ፣ በተሸካሚ አስይዛ በስድስት ኪሎና በፒያሳ አድርጋ ቸርችል ጎዳና ላይ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ወርዶ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ለፊት፣ ለገሃር ጣቢያ ላይ ያበቃል። ያንን አንበሳ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በሐውልቱ ፊት ሰይፉን የመዘዘው እዚያው ሮም ነው። እታለም ጥቅሏን ባወረደች ቁጥር ለሐውልቱ እጅ ነሥታ ነው ወደ ትኬት መሸጫው የምታልፈው።

ሐዲዱ እስከዚያ ጣቢያ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ይሏት የነበረችው ድሬዳዋ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሌላ ተቋቋመና ሥራው ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ምኒልክ ሦስት ዓመት ቀድመው አርፈው ነበር። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

በእንፋሎት ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚወስደው 784 ኪሎ ሜትር ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነው፤ ተሳፋሪ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። የአዋሽ ቡፌ ዝነኛ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። የሞተሩ ትልቁ ጠላት ግን ውኃ ማጣት ነበር። የእንፋሎት ሞተር ውኃ ይጠጣል፤ መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ በኢሳና በአፋር በረሃ ነው። ስለዚህ ከትናንሾቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ከሰው ይልቅ ለሞተር ጥም የተሠሩ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ናፍታ ይህንን ለወጠው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት ሊቶሪና የሚባሉት የፊያት ፋብሪካ ባለሞተር ፉርጎዎች መስመሩ ላይ ገቡ። በ1940ዎቹ ደግሞ ከስዊዘርላንድ፣ ቀጥሎም ከፈረንሳይ፣ በናፍታ የሚሠሩ ጎታች ሞተሮች መጡ። በእነዚህ ውስጥ የናፍታው ሞተር ጄኔሬተር ያዞራል፤ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ጎማዎቹ ዘንግ ላይ ያሉትን ሞተሮች ይነዳል። ውኃ ለመቅዳት መቆም ቀረ፤ እሳት ለማቀጣጠል ሰዓታት መጠበቅ ቀረ። ሊቶሪና ግን ጎታች አያስፈልጋትም፤ ሞተሯ ከራሷ ጋር ነው፤ መንገደኛውም ሾፌሩም አንድ አካል ላይ ይሳፈራሉ።

ልጅ ሆኜ እታለምን ልሸኝ ስወርድ ዓይኔን የምተክለው ሾፌሩ ላይ ነበር። ሊቶሪናዋ ለገሃር ስትገባ መዞር አያስፈልጋትም፤ መንጃ ክፍሏ በሁለቱም ጫፍ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ የመንጃውን እጀታ ይነቅልና በእጁ ይዞ በመንገደኞቹ መካከል ያልፋል። ሕፃን ያለ እንደሆነ ጭንቅላቱን ይዳብሳል። ሌላኛው ጫፍ ደርሶ እጀታውን ይሰካል፤ ቅድም ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል። ወለሉ ሥር ያለው ሞተር ሲንቀጠቀጥ የመስኮቱ መስታወት አብሮ ይርገበገባል፤ የናፍታውና የጋለው ቅባት ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። እናቴ ያንን ሽታ አትወደውም ነበር፤ እኔ ዛሬም አሮጌ አውቶቡስ አጠገቤ ሲቆም ደስ ይለኛል።

ድሬዳዋ ወደ 470 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሊቶሪናዋ ያንን በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች፤ በሞተር የሚጎተተው ረጅሙ ባቡር ግን ሌሊቱን ይጓዛል። እታለም የምትመርጠው የሌሊቱን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጭነትም ይቀበላል። ነጠላዋን ራስጌዋ አድርጋ፣ ጋቢዋን ደርባ ትተኛለች። ትኬት ቆራጩ ሁሌም ይጠይቃታል፦ «እትዬ፣ ይኼ ጭነት ነው ወይስ ትራስ?» እሷም፦ «ትራሴ ነው ልጄ፤ ስተኛ አታይም?» ትለዋለች። ይህን ወሬ እየደጋገመች ስትነግረን አባቴ እንደ አዲስ ይስቅ ነበር።

እኔ ከእሷ የተማርኩት የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተል ነው፦ አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር። መተሐራ ላይ ሸንኮራ በመስኮት ይገባል። ሚኤሶ ላይ የግመል ወተት የያዙ ሴቶች ከፉርጎ ፉርጎ ይሮጣሉ። ኤረር ላይ ብርቱካንና መንደሪን ነው። ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሽያጩ ጩኸት ነው፤ ገንዘቡ ሲወረወር፣ መልሱ ሲመለስ፣ ባቡሩ ሲነቃነቅ። ለእነዚያ ጣቢያዎች የባቡሩ መምጫ የገበያ ሰዓት ነበር። ድሬዳዋ ስትደርስ እታለም በጋሪ አሸዋ ገበያ ትገባለች። ነጠላውን ሸጣ የጥለት ክር፣ ሽቶ፣ ሳሙናና ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ ትይዛለች። ያ ክር ሽሮሜዳ ተመልሶ የሚቀጥለው ነጠላ ጥለት ይሆናል። ሐዲድ ያላየው ሰፈራችን ከባቡሩ ጋር የተሳሰረው በዚህ ነው።

የሶማሊያ ጦር በ1969 መገባደጃ በወረረን ጊዜ ድልድዮች ፈረሱ፤ ባቡሩ ለወራት ቆመ። ይህ አለፈ። በጥር 1977 የደረሰው ግን አይረሳም። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድይ ላይ ባለ ጥምዝ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እንደሆነ ይነገራል። እታለም በዚያ ሳምንት ድሬዳዋ ነበረች። ስልክ የለንም፤ አባቴ ሥራ አቁሞ ለገሃር ሲመላለስ ሰነበተ። በአውቶቡስ ተመልሳ በሽሮሜዳ አቀበት ብቅ ስትል የጎረቤት ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት፤ እሷ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ አብረዋት ይነግዱ የነበሩትን በስም እየጠራች አለቀሰች። ከዓመት በኋላ እንደገና በባቡር ሄደች። ለምን ብለን ስንጠይቃት «ደንበኞቼ እዚያ ናቸው» አለች።

መስመሩን የገደለው አደጋ አይደለም። የአሰብ መንገድ ጭነቱን ወሰደበት፤ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ደግሞ ሐዲዱ አርጅቶ ስለነበር የጭነት መኪና ቀደመው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ለገሃር ባቡር የማይገባበት ጣቢያ ሆነ። መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ አንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው ተሠርተዋል፦ በአዲስ አበባ በኩል ፉሪ ለቡ፣ ድሬዳዋም ከከተማው ውጭ። ለኮንቴነር ይመቻል፤ ጥቅል ነጠላ ለያዘች ሴት ግን ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ወጪ ነው።

የለገሃር መንደር ግንባታ በ2011 ይፋ ሲሆን የድሮው ጣቢያ ሕንፃ እንደሚቆይ ተነገረ። ደስ ብሎኛል፤ ግን አይበቃኝም። ንጉሣዊዎቹ ፉርጎዎች ይጠበቃሉ፤ መጠበቅም አለባቸው። የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ፣ የእንጨት ወንበሩ፣ ድሬዳዋ ጥገና ክፍል የቆሙት ሊቶሪናዎችም ከእነሱ እኩል ይገባቸዋል። አስመራ አሮጌ ሞተሮቿንና ሊቶሪናዋን እየጠገነች በተራራው ሐዲድ ላይ አስሂዳለች። ድሬዳዋ ውስጥ ብሎን በጩኸቱ የሚለዩ የባቡር ሠራተኞች አሁንም በሕይወት አሉ፤ እነሱ ሳይሞቱ ዕውቀታቸውን የሚቀበል ወጣት ሊመደብላቸው ይገባል። አንዲት ሊቶሪና ተጠግና ከድሬዳዋ እስከ ኤረር ባለው አሮጌ ሐዲድ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ብትሄድ፣ ሐዲዱ መጠገን ቢያስፈልገው እንኳ ወጪው ከአንድ ፎቅ አይበልጥም ብዬ አምናለሁ። ያኔ የኤረር ብርቱካን ሻጮችም የሽሮሜዳ ልጆችም ትኬት ይቆርጣሉ፤ የመጀመሪያውን እኔ እቆርጣለሁ።