አስም እና የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት

አስም የሳንባን የአየር ቧንቧዎች የሚያጠቃ ሥር የሰደደ ሕመም ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ ሕመም ሕይወታቸው አልፏል። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው ሕመሙ በወቅቱ በማይታወቅባቸውና በቂ ሕክምና በማይገኝባቸው ዝቅተኛና ዝቅተኛ-መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነው።

ሕመሙ እንዴት ይከሰታል?

የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ዋና ተግባር ጀርሞችንና ጥገኛ ትሎችን መዋጋት ነው። በአለርጂ ምክንያት በሚመጣ አስም ግን ሥርዓቱ የአበባ ብናኝን፣ የቤት አቧራን፣ ሻጋታን፣ የበረሮ ቅሪትን ወይም የእንስሳት ፀጉርን እንደ ጠላት ይቆጥራል። መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ሆኖም ነጭ የደም ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ተለዋውጠው ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያደርጋሉ፤ ይህም በአየር ቧንቧው ግድግዳ በሚገኙ ማስት ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይቆያል።

ግለሰቡ ያንኑ ነገር ዳግም ወደ ውስጥ ሲስብ ማስት ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃሉ። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታም ይበዛል። ትንፋሽ ማጠር፣ ሳል፣ ደረትን ጭምድድ ማድረግና ሲር ሲር የሚል ድምፅ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሳንባ ገብተው ብግነቱን ያራዝሙታል። ስለሆነም ቀን የተሻለው ታማሚ ሌሊት ሊብስበት ይችላል፤ ምልክት በማይታይበት ጊዜም ብግነቱ ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል።

አስም ሁሉ በአለርጂ የሚመጣ አይደለም። ጉንፋን፣ ቀዝቃዛ አየር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የትምባሆና የማገዶ ጭስም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች

በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ ነዋሪዎች ዘንድ በብዛት እንደሚታይ አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በብዛት ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ለዚህ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ትሎች በሰውነት ውስጥ ለመቆየት የመከላከል ሥርዓቱን ስለሚያለዝቡ ነው የሚል ነው። ይህ ግን የትል ሕክምናን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ሁክዎርም ደም ማነስን ያስከትላል።

ሕክምናው

መድኃኒቶቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ሳልቡታሞል ያሉት ማስታገሻዎች የተኮማተረውን ጡንቻ ፈጥነው ያላላሉ፤ ብግነቱን ግን አያጠፉም። እንደ ቤክሎሜታዞን ያሉት በአፍ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ብግነቱን ራሱን ይቀንሳሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ግን በየዕለቱ ሲወሰዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዋቂዎችና ታዳጊ ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል።

በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ብግነቱ እንዲያገረሽ ያደርጋል። ስቴሮይድ የሚወስዱ ታማሚዎች ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አፋቸውን በውኃ መጉመጥመጥ ይኖርባቸዋል። የአሳሳብ ዘዴውንም በጤና ተቋም ባለሙያ ፊት ማሳየትና ማረም ይጠቅማል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ማዕድ ቤትን ከመኝታ መለየትና ጭስ መውጫ ማበጀት፣ የመኝታ ልብስን አዘውትሮ ማጠብ፣ ታማሚው ባለበት ቤት ትምባሆ አለማጨስ እንዲሁም የከሰልና የዕጣን ጭስን መቀነስ ይመከራል።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያሻው መቼ ነው?

ታማሚው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ግራ መጋባት ወይም መፍዘዝ ከታየበት ወይም ማስታገሻው ካልረዳው ጊዜ ሳይባክን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በመንገድ ላይም ማስታገሻውን መውሰድ መቀጠል ይገባዋል።