ሰማዩ የቀላበት መጸው

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መባቻ የተሠሩ የእንግሊዝ የውሃ ቀለም ሥዕሎችን ያየ ሰው፣ አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ በመጸው ማብቂያ ላይ ቆማ የቀረች ትመስለዋለች። ዛፉ ቡናማ፣ ሜዳው የገለባ መልክ ያለው፣ ደመናው ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። (የእነሱ መጸው ከእኛው ጋር በወር እንጂ በመልክ አይገጥምም፤ እኛ ዘንድ አደይ ሲፈካ እዚያ ቅጠል መርገፍ ይጀምራል።) ይህን መልክ የአገሩ ጭጋግና የዘመኑ ትካዜ ውጤት አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። እኔ ግን የዚህን ቡናማነት ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ሥዕሎቹ ለተሰቀሉበት ክፍል መስኮት ነው።

የውሃ ቀለም የደቀቀ የቀለም ዱቄት በግራር ሙጫ ተለውሶ፣ በውሃ ቀጥኖ ወረቀት ላይ የሚነጠፍ ነው። የወረቀቱ ንጣት በስሱ ቀለም ውስጥ ዘልቆ ስለሚታይ ሥዕሉ ያበራል፤ ስስነቱ ግን ቀለሙን ለብርሃን አሳልፎ ይሰጠዋል። በሠዓሊዎቹ በቶማስ ገርቲንና በዊልያም ተርነር ዘመን የደመና ግራጫ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኢንዲጎን ብረት ካለበት ቀይ አፈር ጋር በመደባለቅ ነበር። ኢንዲጎ ከቅጠል የሚወጣ ሰማያዊ ስለሆነ ብርሃን ይበላዋል፤ አፈሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሰማያዊው ሲለቅ ዝናብ ያዘለው ደመና የፀሐይ መጥለቂያ ይመስላል። አረንጓዴውም በኢንዲጎና በቢጫ አፈር ከተሠራ የሚተርፈው አፈሩ ብቻ ነውና፣ በሐምሌ የለመለመው ዛፍ የኅዳርን መልክ ይይዛል። በ1888 እ.ኤ.አ. ራስልና አብኒ የተባሉ ሁለት የሳይንስ ሰዎች ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት ነገሩ በሙከራ ተረጋገጠ፤ ቀለም የተቀቡ ቁራጭ ወረቀቶችን ግማሽ ጎናቸውን ሸፍነው ለብርሃን ሲያጋልጡ፣ ከደበዘዙት መካከል ኢንዲጎና ካርሚን የተባለው ቀይ ይገኙበት ነበር።

የዘመኑ ሰው ቡናማን ይወድ ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት አለው፤ ሥዕል ሰብሳቢው ሰር ጆርጅ ቦሞንት በመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ ቡናማ ዛፍ መኖር አለበት ብሎ በመሟገት ይታወቃል። ነገር ግን ምርጫ ሥዕሉን እንዳለ ይነካዋል እንጂ በክፈፍ ካርቶን ሥር የተደበቀውን ጠርዝ ለይቶ አይምርም። የደበዘዘ ሥዕል ካርቶኑ ሲነሣለት ጣት በማይሞላ ስፋት የቀድሞው ሰማያዊ ብቅ ይላል። ጭጋጉ ነው ለሚሉም ዊልያም ሄንሪ ሃንት መልስ ይሆናል። የወፍ ጎጆ መሳል ስለሚያዘወትር «የወፍ ጎጆው ሃንት» የተባለው ይህ ሰው ነጭ ቀለም ወፈር አድርጎ ቀብቶ፣ ሲደርቅ ንጹሕ ቀለም እየደረበበት፣ የመጸውን ፕሪምና ወይን ቆዳቸው ላይ ካለው ሰማያዊ ብናኝ ጋር ሳለ። አገሩም ጭጋጉም ያው ነው።

መጸው የተሳለበት ሥዕልስ? እዚያ ጉዳቱ በተቃራኒው ይሄዳል። ቅጠሉ በካርሚን ከቀላ ቀይነቱ ራሱ ይለቃል፤ በጋው መጸው ሲመስል መጸው ወደ ክረምት ይገረጣል። ሄንሪ ቮን የተባለው ሰብሳቢ ይህን ሳይፈራ አልቀረም፤ በ1900 እ.ኤ.አ. ለኤድንብራ 38፣ ለደብሊን 31 የተርነር የውሃ ቀለም ሥዕሎች በኑዛዜው ሲደርሱ፣ ብርሃን በሚደክምበት በጥር ወር ብቻ እንዲታዩ አዝዞ ነበር። ሰማያቸው ዛሬም ሰማያዊ ነው።