ከጨው ባሕር የተገኘው ክሪስታል

ራይቦዞም በሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራ፣ ከአር.ኤን.ኤ. እና ከበርካታ ፕሮቲኖች የተገነባ አካል ነው። ለረጅም ዘመን ብዙዎች ፕሮቲኖቹን ሠራተኛ፣ አር.ኤን.ኤውን ማገር ብቻ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ይህን ግምት የገለበጠው ከሁሉ በፊት፣ በኤክስሬይ ለመታየት የሚበቃ የራይቦዞም ክሪስታል የማብቀል ሙያ ነው። ተመራማሪዎቹ አዳ ዮናት እና ሃይንዝ ጉንተር ቪትማን በርሊን ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ፣ ይህን የሚያህል ተለዋዋጭ አካል በሥርዓት ይደረደራል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። እነሱ ግን ሙቀት ከሚቋቋም ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 የመጀመሪያዎቹን ክሪስታሎች አገኙ፤ ቆይቶም ከሙት ባሕር የተገኘ ጨው ወዳድ ረቂቅ ተሕዋስ የተሻለ ክሪስታል ሰጠ።

«ድሉ የብርቱ ኤክስሬይና የኮምፒውተር ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ጨረር የሚያሳየው ክሪስታሉ የፈቀደውን ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የቶማስ ስታይትዝና የፒተር ሙር ቡድን የዚያኑ ተሕዋስ ትልቁን የራይቦዞም ክፍል በ2.4 አንግስትሮም ጥራት ሲያሳይ፣ አሚኖ አሲዶች በሚቆራኙበት እምብርት የተገኘው አር.ኤን.ኤ. ነበር። ፕሮቲኖቹ በአብዛኛው ዳር ላይ ተቀምጠው፣ ረጃጅም ጭራቸውን በአር.ኤን.ኤው እጥፋት ውስጥ ሰድደው ያጸኑታል። ማገር የተባለው ሠራተኛ፣ ሠራተኛ የተባለው ማገር ሆኖ ተገኘ።