ወርቅ የሌለው «የወርቅ መድኃኒት»

እ.ኤ.አ. በ1879 ሌስሊ ኪሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ኢሊኖይ ውስጥ ድዋይት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ስካር በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ወርቅ ነው ብሎ ተነሳ። ያኔ ሰካራም የሚታየው እንደ ኃጢአተኛ ነበር።

ታካሚው ለአራት ሳምንት በቀን አራት ጊዜ መርፌ ይወጋል። በር አይቆለፍበትም፤ መጀመሪያ ላይማ ውስኪውንም ራሳቸው ይሰጡታል! ከመርፌው ሰልፍ በኋላ ሰዎቹ በከተማዋ እየተንሸራሸሩ ያወጋሉ፤ አገራቸው ሲመለሱም ማኅበር ያቋቁማሉ።

ፈሳሹን ከመረመሩት ኬሚስቶች ወርቅ ያላገኙበት አሉ።

ሐነማን እ.ኤ.አ. በ1796 የጀመረው ሆሚዮፓቲም ለጠጪ ነክስ ቮሚካ ያዛል። መድኃኒቱ አንድ እጁ በ99 እጅ እየተበረዘ 30 ጊዜ ከቀጠነ ከመነሻው ቅንጣት እንኳ አይቀርም። ሐኪሙ ግን ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት ያዳምጣል። በሁለቱም ቤት የተሻለው ካለ፣ ያሻለው ይኸው መደመጥ ሳይሆን አይቀርም።

ሆኖም መደመጥ ሁሉን አይችልም። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም የሚይዘው መንቀጥቀጥና ቅዠት ይገድላል፤ ያን ጊዜ በጠብታ ማባበል ሳይሆን ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ኪሊ በ1900 ሞተ። በ1935 ኦሃዮ፣ አክረን ውስጥ ሁለት ጠጪዎች ያለ መርፌም ያለ ጠብታም ተገናኝተው ማውራት ጀመሩ።