ከ«አጋጣሚ» ወደ «ማጋጠም»፤ የኮምፒዩተር ግጥሚያ ደንቦች ታሪክና ስያሜያቸው

በኮምፒዩተር መረብ የሚካሄዱ ጨዋታዎች ከተስፋፉ ወዲህ አንድ አዲስ ተግባር ተፈጥሯል። ይኸውም በተለያየ ስፍራ የሚገኙ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ተጫዋቾችን መርጦ ለአንድ ግጥሚያ ማቅረብ ነው። ይህን ተግባር በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው? ስያሜ የሚጸናው ከነገሩ ባሕርይ ሲነሣ ስለሆነ፣ አስቀድመን የተግባሩን ታሪክ እንመለከታለን።

«ገጠመ» የሚለው ግስ ሁለት ነገሮች ልክ ለልክ መያያዛቸውንም፣ ሁለት ባላጋራዎች መፋለማቸውንም ይገልጻል። «ግጥም»፣ «ግጥሚያ»፣ «ተጋጣሚ»፣ «መጋጠሚያ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚሁ የወጡ ናቸው። «አጋጣሚ» የሚለውም በቅርጹ «የሚያጋጥም» ማለት ሊሆን ሲገባው፣ ልማድ ሳይታሰብ ለሚደርስ ነገር ሰጥቶታል። የምንተርከው ታሪክ በ«አጋጣሚ» እና በ«ማጋጠም» መካከል የተደረገ ጉዞ ነው ማለት ይቻላል።

ተጫዋቾች ፊት ለፊት በሚገናኙበት ጨዋታ፣ የግጥሚያው መሰናዶ በልማድና በስምምነት ይወሰናል። በአገራችን የቀድሞ ሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪገደል ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ምዕራፍ «ወረራ» ይባል ነበር። ደንቡ ለሁለቱም የታወቀ፣ ባላጋራም የሚታይ ነበር።

የተጫዋቾችን ብቃት በቁጥር መመዘን የተስፋፋው ከዚሁ ከቼዝ ዓለም ነው። ሀንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የፊዚክስ መምህር የነበረው አርፓድ ኤሎ የቀመረውን ስሌት፣ የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1960 እ.ኤ.አ.፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀበሉት። በዚህ ስሌት መሠረት በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ከሚገኘው ውጤት 76 በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ ይገመታል። በ1995 እ.ኤ.አ. ማርክ ግሊክማን ያቀረበው ግሊኮ የተባለው ስሌት ግምቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነም አብሮ መለካት ጀመረ።

ይሁን እንጂ የመረብ ጨዋታ ሲጀመር ይህ ምዘና ወዲያው በሁሉም ዘንድ አልተሠራበትም። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ኩዌክ በተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቹ አገልጋይ ኮምፒዩተር ራሱ ፈልጎ ይገባ ነበር። የጨዋታውን ሜዳ፣ የሰዓቱን ገደብና የተጫዋቾቹን ብዛት የሚወስነው የአገልጋዩ ባለቤት ነበር። ጀማሪው ከማን ጋር እንደሚገጥም ግን በእርግጥም አጋጣሚ ነበር።

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሄሎ 2 ይህን ልማድ ለወጠ። ተጫዋቹ የሚፈልገውን የግጥሚያ ዓይነት ብቻ ይመርጣል፤ ባላጋራውንና ሜዳውን የሚያቀርብለት ሥርዓቱ ነው። አብረው ለመጫወት የመጡ ጓደኞችም ሳይነጣጠሉ ከአንዱ ግጥሚያ ወደ ሌላው ያልፋሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከኤክስቦክስ 360 ጋር ሥራ ላይ የዋለው ትሩስኪል የተባለው ስሌት ደግሞ ከቡድን ውጤት ተነሥቶ የእያንዳንዱን አባል ብቃት ለመገመት አስቻለ።

እነዚህን ደንቦች የሚያወጣ ሰው ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን አለበት፤ የብቃት መቀራረብን፣ የጥበቃ ጊዜንና የቦታ ርቀትን። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አገልጋዩ በ5,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። ስለሆነም ብዙውን ጊዜ ደንቡ በመጀመሪያ ቅርብና አቻ የሆነውን ይፈልጋል፤ ጥበቃው ሲረዝም ወሰኑን ደረጃ በደረጃ ያሰፋል። ተጫዋች በአነሰበት አካባቢ ወይም ሰዓት፣ ያለ አቻው የሚገጥም ሰው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ስያሜው እንመለስ። «ማገናኘት» ሰፊ ነው፤ ስልክም ያገናኛል። «ዕጣ» ምርጫውን ለዕድል ይተዋል። በስፖርት የተለመደው «ድልድል» ተጋጣሚዎቹ አስቀድመው ለታወቁበት ውድድር ይስማማል። «ማጣመር» አንድ ወገን የሚሆኑትን ሲያመለክት፣ «ማጋጠም» ተቃራኒ የሚሆኑትን ያመለክታል። ስለዚህ የቡድን ጨዋታ ሥርዓት አስቀድሞ ያጣምራል፤ ቀጥሎ ያጋጥማል። ይህን መሠረት በማድረግ ለጠቅላላው ተግባር «አቻ ማጋጠም»፣ ለሚመራበት ሕግ «የማጋጠሚያ ደንብ»፣ ለሜዳው፣ ለሰዓቱና ለቁጥሩ ውሳኔ «የግጥሚያ መሰናዶ» የሚሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

ጉዳዩ የቃላት ማማረጥ ብቻ አይደለም። በተከታታይ የተሸነፈ ወጣት «አጋጣሚ ነው» ካለ የሚጠይቀው አይኖረውም፤ ዕድሉን ብቻ ይወቅሳል። «እንዲህ ያጋጠመኝ ደንቡ ነው» ካለ ግን ደንቡን ያወጣ ሰው እንዳለ፣ የወጣውም ደንብ ሊመረመርና ሊሻሻል እንደሚችል ይረዳል። ትክክለኛ ስያሜ ይህን ያህል ኃላፊነት ይሸከማል።