የሆድ አኦርታ እብጠት፦ የ5.5 ሳንቲ ሜትር ወሰን ከየት መጣ?

ከልብ ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ሆድ ውስጥ በሚያልፍበት ክፍል ግድግዳው ሲደክም እንደ ፊኛ ይነፋል። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ከፈነዳ ግን ብዙዎቹ ሕሙማን ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞታሉ። ታዲያ ዛሬ ደኅና የሆነን ሰው፣ ነገ ሊደርስ ለሚችል አደጋ ሲባል፣ ራሱ ሊገድል ለሚችል ቀዶ ሕክምና ማቅረብ የሚገባው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ሩዶልፍ ኒሰን ብሩክሊን ውስጥ የአልበርት አይንስታይንን ሆድ ሲከፍት ይህን እብጠት አገኘ። በዘመኑ ቆርጦ የመተካት ዘዴ ስላልነበረ በሴሎፋን ሸፈነው፤ ባዕዱ ነገር በሚፈጥረው ጠባሳ ግድግዳው ይጠነክራል ተብሎ ነበር። አይንስታይን ከ6 ዓመታት በላይ ኖረ። በዚህ መካከል ሻርል ዱቦስት እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1951 ፓሪስ ውስጥ የታመመውን ክፍል ቆርጦ ከሞተ ሰው በተወሰደ ደም ቅዳ ተካ። ስለዚህ በኤፕሪል 1955 የአይንስታይን እብጠት ደም ሲያፈስ የቀዶ ሕክምና ሐሳብ ቀርቦለት ነበር፤ ሕይወትን በሰው ሠራሽ መንገድ ማራዘም አልሻም ብሎ እምቢ አለና በ76 ዓመቱ ዐረፈ። (የሕመምተኛ ፈቃድ በየትኛውም የመጠን ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም።)

ቀዶ ሕክምናው ከተቻለ በኋላ ጥያቄው ወደ ትናንሾቹ እብጠቶች ዞረ። የብሪታንያው ጥናት 1,090 ሕሙማንን፣ የአሜሪካው ደግሞ 1,136 ሕሙማንን በዕጣ ከፈለ፤ ስፋታቸው ከ4 እስከ 5.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከፊሎቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ የቀሩት በአልትራሳውንድ እየታዩ ቆዩ። በብሪታንያ በቀዶ ሕክምናው የሞቱት 5.8 በመቶ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ 2.7 በመቶ ነበሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2002 የታተሙት ውጤቶች አንድ ናቸው፤ መቸኮል ዕድሜ አልጨመረም።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። 5.5 አጥኚዎች አስቀድመው ያሰመሩት የጥናት ወሰን ነው እንጂ፣ አኦርታ በዚያች ሚሊ ሜትር ባሕርይውን ይለውጣል ማለት አይደለም። እብጠቱ ሲያምም ወይም በፍጥነት ሲያድግ ወሰኑን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁዋን ፓሮዲ እ.ኤ.አ. በ1990 በቦነስ አይረስ በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል ሰው ሠራሽ ቱቦ ሲያስገባ፣ ቀዶ ሕክምናው ስለ ቀለለ ወሰኑ ዝቅ ይላል የሚል ተስፋ ነበር። በኋላ በትናንሽ እብጠቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ያንኑ መልስ ሰጡ። ያልተመለሰው የሴቶች ጉዳይ ነው፤ በአሜሪካው ጥናት የተካተቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በብሪታንያው ክትትል የሴቶች እብጠት የመፈንዳት አደጋ ከወንዶቹ 3 እጥፍ ያህል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ብዙ መመሪያዎች ለሴቶች 5 ሳንቲ ሜትርን ይጠቅሳሉ።