ሕመም ይያዛል እንጂ አይተዳደርም

በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ከአንድ ክሊኒክ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ያነሣሁት የአማርኛ ወረቀት «በአቅራቢያዎ የሚገኘውን የሥር የሰደደ ሕመም አስተዳደር ዶክተር ይጎብኙ» ይላል። ቃላቱ ከሞላ ጎደል የእኛ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን የእኛ አይደለም። ሐኪም አይጎበኝም፤ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፣ ለሐኪም ይታያል። የሚጎበኘው የተኛው ሕመምተኛ ነው። ይህስ «ሰፈርዎ ላለ ሐኪም ይታዩ» ተብሎ በቀላሉ ይቃናል። እኔን ዕረፍት የነሣኝ «የሕመም አስተዳደር» የሚለው ነው፤ ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ ሊለመድ ተቃርቧልና።

የቃሉን ዘር እንመልከት። አደረ፣ ተዳደረ፣ አስተዳደረ። «በምን ትተዳደራለህ?» ስንል እንጀራህ ከየት ነው ማለታችን ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው አብልቶ፣ አልብሶ፣ አሳድሮ የሚያኖር ነው። ቃሉ ወደ ወረዳና ወደ መሥሪያ ቤት ከፍ ቢልም ማኖር የሚለው ፍሬው አልለቀቀውም። ስለዚህ ሕመምን ማስተዳደር ማለት ለሕመሙ ቀለብ እየሰፈሩ ማኖር ነው። ወገቧን ለዓመታት ያመማት ሴት የምትሻው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ስሕተቱ የመጣው ተርጓሚው ለእንግሊዝኛው «ማኔጅመንት» በመዝገበ ቃላት መጀመሪያ ያገኘውን ፍቺ በማንሣቱ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ይህንኑ ቃል የመጽሐፉ ርእስ ያደረገው ጆን ቦኒካ የተባለው የጣሊያን ተወላጅ የማደንዘዣ ሐኪም ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ቦኒካ በወጣትነቱ የትግል ተወዳዳሪ ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን የሰውነት ሕመም ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ ኖሯል። የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ መነሻው ጣሊያንኛ ሲሆን ፈረስ መግራትን ይናገር ነበር፤ ከዚያ አልፎ ወደ ላቲን ቢወርዱ የሚያገኙት «እጅ» የሚለውን ነው። እንግዲህ ከቃሉ ሥር ያለው ቢሮ ሳይሆን ልጓም የጨበጠ እጅ ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ የታወቀ ቃል አለው፤ ያዘ ይለዋል።

«የሕመም አያያዝ» የምለው ስለዚህ ነው። የቁስል አያያዝ፣ የሕፃን አያያዝ፣ የገንዘብ አያያዝ ስንል ቆይተናልና ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ከዚህም በላይ አንድ ውበት አለው። በቋንቋችን በሽታ ያዥ፣ ሰው ተያዥ ነው፦ ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘው እንላለን። «የሕመም አያያዝ» ይህን ይገለብጠዋል፤ ያዡ ሰውየው፣ ተያዡ ሕመሙ ይሆናል። ሕክምናው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ሌሎችም ተሞክረዋል። «የሥቃይ ሕክምና» የሚሉ አሉ፤ ግን ሥቃይ ከማሰቃየት ጋር አንድ ቤት ነው፤ እስር ቤት ያየ ሰው «የሥቃይ ክሊኒክ» የሚል ታፔላ ሥር እንዲገባ መጠየቅ ጭካኔ ነው። «የሕመም ማስታገሻ ሕክምና» ይሻላል፤ ከትዕግሥት ዘር የወጣ፣ ከፋርማሲ እስከ ጓዳ የሚታወቅ ቃል ነው። ሆኖም ማስታገሻ ሲባል አእምሯችን ወደ ኪኒን ይሄዳል፤ በዚያ ላይ መዳን ለማይጠበቅላቸው ሕሙማን ለሚሰጠው እንክብካቤ እየዋለ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ቢነግሩት ኑዛዜውን ያስባል። «ፈውስ» ደግሞ ያልተገባ ተስፋ ነው።

የሕመም አያያዝ ሐኪም የሚሠራውን አንባቢ በግማሹ ያውቀዋል። በአሜሪካ ብዙዎቹ በማደንዘዣ ሕክምና ሠልጥነው የመጡ ናቸው፤ የአካል ተሐድሶና የነርቭ ሐኪሞችም አሉበት። አከርካሪ አጠገብ መርፌ ይወጋሉ፣ መድኃኒት ይመጥናሉ፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ይልካሉ፣ እንቅልፍንና ጭንቀትን ይጠይቃሉ። ግባቸው አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን ሰውየው ተኝቶ እንዲያድር፣ ደረጃ እንዲወጣ፣ ሥራው ላይ እንዲቆይ ነው።

«ሥር የሰደደ» የሚለውም ያሳስበኛል። በሽታ ሥር ሰደደ ሲባል የማይነቀል ሆነ፣ ወደ ውስጥ ዘለቀ ማለት ነው፤ እናቶቻችን ሲሰሙት ካንሰር ይመስላቸዋል። ሐኪሞች የሚለኩት ግን ጥልቀትን ሳይሆን ጊዜን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ወይም የሚመላለስ ሕመም ይለዋል። ለጊዜ «ሰነበተ» አለን። የሰነበተ ሕመም ብንል አያስደነግጥም፣ አይዋሽምም።

«ሕመም ራሱ በሽታ ማለት አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ዛሬ ሁለቱን ደባልቀን እንናገራለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሰሙነ ሕማማትን የበሽታ ሳምንት ብሎ የተረዳ ማንም የለም። ለበሽታ በሽታና ደዌ አሉልን፤ ሕመምን ለሚሰማው ነገር ብንተውለት አንጎዳም።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ አቅም አንድ ነገር ልበል። ተመራማሪው ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 በሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕመምተኞች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን 78 ቃላት በመጠይቅ አሰናዳ፤ የሕመሙ ዓይነት መንሥኤውን ይጠቁማልና። የእኛ ሰው ይህን ያለ መጠይቅ ያውቀዋል። ራስ ይፈልጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጎን ይወጋል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ጥርስ ይጠዘጥዛል። ሐኪሙ «ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል» የሚለውን ቢሰማ ነርቭን ይጠረጥራል፤ ለነርቭ ሕመም ደግሞ የተለመደው ማስታገሻ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። አስተርጓሚው ሁሉንም «ያማቸዋል» ብሎ ሲጠቀልለው የሚጠፋው የሐኪሙ ምልክት ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ በልፋት የተገኘ ክብር ነውና ተርጓሚዎችም ሆኑ አስተርጓሚዎች በእነዚህ የሕመም ግሦች ይሥሩ። «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» ብቻ ሲባሉ እናቶቻችን «አሥር» ብለው ዝም ይላሉ። «ይወጋዎታል ወይስ ይለበልብዎታል?» ሲባሉ ግን ከወገብ ተነሥቶ በጭን በኩል እስከ ተረከዝ የሚወርደውን በእጃቸው እየዳሰሱ ያሳያሉ።